የአሮጌ ግንድ ሙስካዴን አጣጥሞ ለመቅመስ

ከፈረንሳይ ነጭ ወይኖች አንዱን ብቻ በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ ለሚለኝ ሰው ሙስካዴን እመክራለሁ። ዋጋው ኪስ አይጎዳም። ከሚያመርቱት ብዙዎቹ እርሻውን ከአባት ከአያት የወረሱ ቤተሰቦች ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቅመስ ያስተምራል። ሽታው ዝምተኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ያደርግና "ይሄ ምንም የለውም" ብሎ ጠጥቶ ያልፋል። የዚህ ወይን ጉዳይ ግን ያለው አፍ ውስጥ ነው። በተለይ ከአሮጌ ግንድ የተለቀመው ምላስ ላይ ክብደት አለው፣ ምራቅ ያመጣል፣ ከተዋጠ በኋላም ቶሎ አይለቅም። ከታች የጻፍኩት ያ ነገር እንዳያመልጣችሁ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከየት እንደሚመጣ

ሙስካዴ የሚመረተው በምዕራብ ፈረንሳይ በናንት ከተማ ዙሪያ ነው። የሎዋር ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባው እዚያ አጠገብ ነው። የወይኑ ዘር ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል። የዘረ መል ምርመራ እንዳሳየው የሻርዶኔ ወንድም ነው፤ የሁለቱም ወላጆች ፒኖ እና ጉዌ ብላን የሚባሉ ዘሮች ናቸው። የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ የቀመሳችሁ እንግዲህ ወንድሙን ታውቁታላችሁ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻርዶኔ ፀሐይ ሲያገኝ ይሞላል፣ ይጣፍጣል፤ ሜሎን ቀጭን፣ ቀዝቀዝ ያለና ጨዋማ ነው።

ሜሎን አገሩን የያዘው በብርድ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1709 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከባድ ውርጭ የአካባቢውን ተክል ፈጀው። ገበሬው ብርድ የሚችለውን ሜሎንን ተከለ። የሆላንድ ነጋዴዎችም አረቄ የሚወጣለት ነጭ ወይን ይፈልጉ ስለነበር ገበያው ዝግጁ ነበር። ቀላል ወይን ነው የሚለው ስሙም ለረጅም ጊዜ አብሮት ኖሯል። እኔ ግን ጥሩ እጅ ከገባ ከብዙ ውድ ነጭ ወይን የበለጠ የሚያስደስት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሙስካዴ እና ሙስካ የተለያዩ ናቸው። ሙስካ አበባ አበባ የሚሸት ሌላ ዘር ነው። ሱቅ ውስጥ ሲያምታቱባችሁ እንዳትሸወዱ።

1. ጠርሙሱን አንብቡ

ጊዜ ወስዳችሁ ልትሠሩት የሚገባው ሥራ ይሄ ነው። ግማሹ ጥሩ ቀመሳ ሱቅ ውስጥ ነው የሚወሰነው።

መጀመሪያ "ሙስካዴ ሴቭር ኤ ሜን" (Muscadet Sèvre et Maine) የሚለውን ፈልጉ። ሴቭር እና ሜን በአካባቢው የሚያልፉ ወንዞች ናቸው። ይህ ስም በሕግ የተጠበቀው በ1936 ሲሆን ከሙስካዴ ጥሩ ጥሩው የሚወጣው በአብዛኛው ከዚሁ ክልል ነው።

ቀጥሎ "ሱር ሊ" (sur lie) የሚል ጽሑፍ አለ? በአተላው ላይ የቆየ ማለት ነው። የእኛ ጠላ ጠማቂ አተላውን ለይታ ታስወግዳለች። እዚያ ግን ወይኑ ከፈላ በኋላ ባለቤቱ የሞተውን እርሾ አያወጣም። ወይኑን ቢያንስ አንድ የብርድ ወቅት በላዩ ላይ ያሳድረዋል፣ ከዚያ ሳያጓጉዝ ከዚያው ጋን ወደ ጠርሙስ ይሞላዋል። እርሾው ቀስ እያለ ይፈርሳል። ሲፈርስ ለወይኑ ወፈር ያለ ሰውነት ይሰጠዋል፤ ሊጥ ሊጥ የሚል ሽታ ያመጣል፤ ከአየርም ይጠብቀዋል። የዚህ አገር ጋን ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ የተቀበረ የሲሚንቶ ጋን ነው፤ ውስጡ በመስታወት ንጣፍ ይለበጣል። የእንጨት በርሜል ሽታ የማታገኙት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው "ቪየይ ቪኝ" (vieilles vignes) የሚለው ነው፤ አሮጌ ግንዶች ማለት ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የፈረንሳይ ሕግ ለዚህ ቃል ዕድሜ አልቆረጠለትም። አንዱ በ30 ዓመት ግንድ ይጽፈዋል፣ ሌላው 60 እስኪሞላ ይጠብቃል። ዓለም አቀፉ የወይን ድርጅት በ2024 ባወጣው ትርጉም አሮጌ የሚባለው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ተክል ነው፤ ይህ ግን ጠርሙሱ ላይ የሚጽፈውን ሰው አያስገድደውም። ስለዚህ የኋላውን ወረቀት ገልብጣችሁ እዩ። በግንዱ የሚኮራ ባለወይን የተተከለበትን ዓመት ይጽፋል። ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ። "አሮጌ ነው" ብቻ ብሎ ዝም ካለ ሌላ ጠርሙስ ፈልጉ።

ዕድሜው ለምን ዋጋ አለው? ግንድ ሲያረጅ ፍሬው ይቀንሳል። አንዳንድ ክንዱ ይደርቃል፣ ዘለላው ያንሳል፣ ያለው ፍሬ ግን የተጠራቀመ ጣዕም ይይዛል። ሥሩም ለዓመታት ድንጋዩን እየሰነጠቀ ወርዷል። ዝናብ ሲጠፋ ወጣቱ ተክል ይጨነቃል፤ አሮጌው ከታች ውኃ ያገኛል። በዚህ ምክንያት ከዓመት ዓመት ብዙም አይዋዥቅም። ለቤተሰቡ ግን ኪሳራ አለው። ያው መሬት፣ ያው ጉልበት፣ ያነሰ ፍሬ። ነቅለው አዲስ ቢተክሉ የተሻለ ያተርፉ ነበር። ያን ግንድ የሚያቆዩት ወይኑን ስለሚወዱት ነው፤ ጥቂት ዩሮ ጨምሮ መክፈል የሚገባ የሚመስለኝም ለዚህ ነው። ዕድሜ ብቻውን ግን ወይን አያጣፍጥም። ሰነፍ ገበሬ ከ80 ዓመት ግንድም ውኃ የመሰለ ነገር ያወጣል።

አራተኛው የአምራቹ ማንነት ነው። "ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን" (mis en bouteille au domaine) ወይም "ኦ ሻቶ" (au château) ከተባለ በዚያው እርሻ ጠርሙስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። "ሻቶ" ሲባል ቤተ መንግሥት አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ትራክተር የቆመበት የገበሬ ቤት ነው። የጠርሙሱን ቆብ አናትም እዩ። የሴት ምስል ያለበት ክብ ማኅተም ካለው ዙሪያው ላይ አንድ የላቲን ፊደል ታገኛላችሁ። "አር" ከሆነ ወይኑን ያወጣው ፍሬውን ያበቀለው ሰው ራሱ ነው። "ኤን" ከሆነ ከሌላ የገዛ ነጋዴ ነው። ማኅተሙ አሁን ግዴታ ስላልሆነ ባታገኙት አትደንግጡ። በርሜል የተሸከመ ሰው ሥዕል ካያችሁ ደግሞ የግል ወይን ገበሬዎች ማኅበር አርማ ነው። እሱም ጥሩ ምልክት ነው።

ከነዚህ ሁሉ አንድ ደረጃ ከፍ ያሉ ጠርሙሶችም አሉ። ክሊሶን፣ ጎርዥ እና ለ ፓሌ በ2011 በመንደራቸው ስም እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው፤ በኋላም ሌሎች መንደሮች ተጨመሩ። ክሊሶን ግራናይት መሬት ነው፣ ጎርዥ ጋብሮ የሚባል ጥቁር አለት። የክሊሶን እና የጎርዥ ወይን አተላው ላይ ቢያንስ 24 ወር ይቆያል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የመንደር ስም ያለው ጠርሙስ "ሱር ሊ" የሚል ጽሑፍ የለውም። ስላልቆየ አይደለም፤ "ሱር ሊ" የሚለው ቃል ቶሎ ጠርሙስ ውስጥ ለሚገባው ወይን የወጣ ደንብ ስላለው ነው። ጽሑፉ የለም ብላችሁ እንዳትመልሱት።

2. አሳርፉት፣ ከዚያ በልኩ አቀዝቅዙት

አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያላችሁ ከሱቅ ይዛችሁ ትገባላችሁ። አዲስ አበባ ላላችሁና ዘመድ በሻንጣ ላመጣላችሁ፣ ጠርሙሱ ጥቂት ቀን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ። ከበረራ የወረደ ወይን የተበተነ ዓይነት ጣዕም ይኖረዋል።

ቅዝቃዜው ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሙስካዴ የሚበላሸው። ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዲግሪ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ አሮጌውም ወጣቱም ግንድ አንድ ዓይነት ነው፤ ብርድና ሎሚ ብቻ። ተራውን ሙስካዴ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ጠጡት። የአሮጌ ግንዱን ከ11 እስከ 13። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ጠርሙሱን ስትይዙት እጅ ካቃጠለ ገና ነው፣ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ከሆነ ደርሷል። በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አትጨምሩ።

3. አከፋፈት እና ብርጭቆ

ቆቡን ከአንገቱ ከንፈር በታች ቆርጣችሁ አንሱት። ቡሹ ሲወጣ ታችኛውን ጫፍ እዩት። አንዳንዴ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ክሪስታሎች ተለጥፈውበት ታገኛላችሁ። ጠርሙሱ ሥር ሲጠራቀሙ ደግሞ የተሰበረ መስታወት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የወይኑ የራሱ አሲድ በቅዝቃዜ ረግቶ ነው። ምንም አይጎዳም፤ ወይኑ ከመጠን በላይ አለመጣራቱንም ሊያሳይ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ቅዱና የመጨረሻዋን ጉንጭ ተዉት።

እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ግን ቡሹ አበላሽቶታል። አየር ሲያገኝ አይሻለውም፤ እንዲያውም ይብሳል። ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱት፤ ደህና ሱቅ ይለውጥላችኋል።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ባለ እግር ይሁን። ጠባቡን የሻምፓኝ ብርጭቆ ተዉት። ሲሶውን ብቻ ሙሉ፤ ማዞሪያ ቦታ ያስፈልጋችኋል።

4. እዩት፣ አሽትቱት፣ እዚያ ግን አትቁሙ

ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ ጨረር ይኖረዋል። ዕድሜ ሲያገኝ ወደ ወርቅ ይሄዳል። ቡናማ ከሆነ አየር ገብቶበታል። ቀለም ላይ ከዚህ በላይ ጊዜ አታጥፉ።

መጀመሪያ ሳታዞሩት አሽትቱት። ከዚያ አዙራችሁ ድገሙት። ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖም፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የዳቦ ሊጥ፣ አንዳንዴም የባሕር ዳር ንፋስ ታገኛላችሁ። ምንም ካላገኛችሁ አትጨነቁ። ወይኑ ገና አልተከፈተም፣ ወይም ቀዝቅዟል። መዳፋችሁን በብርጭቆው ሆድ ዙሪያ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዙት። ያረጀ ጠርሙስ ከሆነ ማር፣ አልሞንድ፣ የደረቀ የሻይ ቅጠል የሚመስል ነገር ብቅ ይላል።

5. አፍ ውስጥ፦ ዋናው ሥራ

አነስተኛ ጉንጭ ውሰዱ። ወዲያው አትዋጡት። ለአምስት ሰከንድ ያህል በምላሳችሁ ላይ አንሸራሽሩት፣ ወደ ጉንጮቻችሁም ላኩት። ከዚያ አንድ በአንድ ጠይቁ።

መጀመሪያ ጫፉ ላይ ይቆነጥጣል? በአተላ ላይ የቆየ ሙስካዴ ጥቂት ጋዝ ይዞ ይቀራል። እንደ አምቦ ውኃ አይፈላም፤ የምላስን ጫፍ ነካ አድርጎ ይጠፋል። ይህ ትኩስነት ነው፣ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ምራቃችሁ ከየት መጣ? ከጉንጫችሁ ወዲያው ፈሰሰ ማለት ወይኑ ሕያው አሲድ አለው። ኮምጣጣነቱ ጥርስ የሚያጠርስ ከሆነ ፍሬው ሳይበስል ተለቅሟል። ምራቅ እያመጣ ደስ ካለ ልኩ ነው።

ሦስተኛ፣ መሐሉስ? ተራ ሙስካዴና የአሮጌ ግንድ ሙስካዴ የሚለያዩት እዚህ ነው፤ ሙሉ ሐሳባችሁን እዚህ ጣሉት። ተራው ሎሚ ሎሚ ብሎ ይመጣና መሐል ላይ ባዶ ይሆናል፤ ውኃ የጠጣችሁ ይመስላችኋል። የአሮጌ ግንዱ መሐል ላይ ይሰፋል። አልኮሉ ሳይበዛ፣ ስኳር ሳይኖረው፣ ምላስን የሚሸፍን ለስላሳ ነገር አለ። ያ በከፊል ከአተላው፣ በከፊል ከግንዱ የመጣ ነው። ጣዕሙን በፍሬ ስም ለመጥራት አትታገሉ። ወፍራም ነው ቀጭን? ሻካራ ነው ለስላሳ? ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ ይዘረጋል? ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ወይን የሚሠራው የመዳሰስ ቋንቋ ነው።

አራተኛ፣ ዋጡትና ቁጠሩ። ፈረንሳዮች ጣዕሙ አፍ ውስጥ የሚቆይበትን እያንዳንዱን ሰከንድ "ኮዳሊ" ይሉታል። አራት አምስት ላይ ከጠፋ ተራ ወይን ነው። አሥር ካለፈ ጥሩ እጅ ገብቷል። የሚቀረው ምን እንደሆነም ልብ በሉ። መጨረሻ ላይ ከንፈራችሁን ስትልሱ ጨው ጨው ካለና ጥቂት የወይን ፍሬ ቆዳ የመሰለ ምሬት ከተወ፣ እኔ የምወደው ሙስካዴ ያ ነው።

6. ጊዜ ስጡት

መጀመሪያው ብርጭቆ ላይ ፍርድ አትስጡ። የክሊሶን ወይም የጎርዥ ጠርሙስ ከሆነ ከመጠጣት አንድ ሰዓት በፊት ወደ ጆግ ገልብጡት። ነጭ ወይን አየር አያስፈልገውም የሚለውን ወሬ አትስሙ። ሁለት ዓመት አተላው ላይ ተዘግቶ የቆየ ወይን ሲከፈት ኩርፍ ያለ ነው። እዩት፦ ሲከፈት የክብሪት ጭስ የመሰለ ሽታ ይኖረዋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭሱ ይጠፋና ሎሚ ልጣጭና ጨው ይተካል።

ከቻላችሁ ግማሹን ለነገ አስቀሩ። በማግስቱ የሚሻሻል ጠርሙስ በጓዳ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ነው። በማግስቱ የሞተ ከሆነ የቀሩትን ጠርሙሶች ዘንድሮ ጨርሷቸው። እንደ እኔ ተራውን ሙስካዴ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ የአሮጌ ግንዱን ከሦስት እስከ ስምንት፣ የመንደር ስም ያላቸውን ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ መክፈት ጥሩ ነው።

7. ጎን ለጎን አስቀምጡ

ከአንድ ቤተሰብ፣ የአንድ ዓመት ምርት፣ ሁለት ጠርሙስ ግዙ፦ አንዱ ተራው፣ አንዱ የአሮጌ ግንዱ። ሁለቱንም በጋዜጣ ጠቅልሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ይቅዳላችሁ። ያው መሬት፣ ያው እጅ፣ ያው ዝናብ ስለሆነ ልዩነቱ ግንዱ ላይ ይቀራል። አንድ ምሽት እንዲህ መቅመስ ከብዙ ንባብ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ስለ መሐሉና ስለ ቆይታው አንድ አንድ መስመር ጻፉ። ከዚህ በላይ አትጻፉ፤ ብዙ ሲጽፉ መቅመስ ይረሳል።

8. ከምን ጋር

በአገሩ ከአትላንቲክ ኦይስተርና ከመስል (በቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ናቸው) ጋር ነው የሚጠጣው። ጨው ከጨው ይስማማል፣ አሲዱ የባሕሩን ሽታ ያጥባል። የፍየል አይብም ይሄድለታል።

በእኛ ገበታ የመጀመሪያ ምርጫዬ ሎሚ የተጨመቀበት የቆሮሶ ጥብስ ነው። ዘይቱን ይቆርጠዋል። ጨው ነስነስ የተደረገበት አይብም ጥሩ ነው። ከሚጥሚጣና ከበርበሬ ግን አርቁት። ማቃጠሉ ሲደመርበት አሲዱ ይሳላል፣ ያ የለፋንበት ለስላሳ መሐል ድምጥማጡ ይጠፋል። ዶሮ ወጥ ላይ ሙስካዴ ማቅረብ ለሁለቱም አይበጅም።

9. የተረፈውን

ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ወደ ድስት ይሂድ። ናንት አካባቢ ለዓሣ የሚሠራው ቡር ብላን የሚባለው መረቅ የሚወጣው ከእንደዚህ ዓይነት ወይን ነው። ሁለት ትንንሽ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። አንድ ብርጭቆ ሙስካዴና አንድ ሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምራችሁ፣ ፈሳሹ ሁለት ማንኪያ ያህል እስኪቀር በመጠነኛ እሳት አንተክትኩት። እሳቱን በጣም ቀንሱ። 150 ግራም ቅመም የሌለው፣ ያልተነጠረ ቀዝቃዛ ቅቤ በትንንሹ ቆርጣችሁ አንድ በአንድ እየጨመራችሁ ምቱት። ከፈላ ቅቤው ይለያያል፤ ስለዚህ ድስቱን ከእሳቱ እያነሳችሁ እየመለሳችሁ ሥሩት። ሲወፍርና ነጣ ሲል ጨው አድርጋችሁ ወዲያው ዓሣው ላይ አፍስሱት።